ደጁን የምንከፍትበትን ደንብ ዛሬ እንጻፍ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚገኙ አጥቢያዎቻችን እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ደጃቸውን ሲዘጉ ብዙም አልተከራከርንም። መንግሥት አዘዘ፣ አባቶች ተቀበሉ፣ ምእመኑም እያዘነ እቤቱ ተቀመጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲሰይመው ዐቢይ ጾም ገና አልተጋመሰም ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ፋሲካን ያከበርነው በየሳሎናችን ነው፤ ስልካችንን ግድግዳ አስደግፈን፣ ከልዑካኑ በቀር ሰው የሌለበትን ቤተ መቅደስ እያየን። ከባድ ነበር። ግን አብረን ተሸከምነው።

የተለያየነው ሊከፈት ሲል ነው። ከሜይ ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ በየራሱ መንገድ ሄደ። አንዱ ቶሎ ከፈተ፣ ሌላው ወራት ቆየ፣ ሌላው ከፍቶ ሰው ሲታመምበት መልሶ ዘጋ። ምእመኑ ክፍት የሆነውን እየፈለገ ከአጥቢያ አጥቢያ ተዘዋወረ። በስልክ በሚደረጉ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባዎች ላይ አንዱ ወገን «እምነት ጎደላችሁ» ሲል ሌላው «ሰው ልታስፈጁ ነው» ይል ነበር። በክርስትና የተዛመዱ፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ቤተሰቦች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። ዛሬም ያልታረቁ አሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ አጥቢያ ወረርሽኝ በሌለበትና ልብ ባልሞቀበት በዚህ ጊዜ ደጁ በምን ምክንያት እንደሚዘጋ፣ በምን መለኪያ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚወስን፣ የትኛው አገልግሎት ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ይጻፍ። ጠቅላላ ጉባኤውም መክሮበት ያጽድቀው። ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ እንደ ወንድምና እኅት የተስማማንበት ወረቀት በእጃችን ካለ፣ ድምፁ የጎላው ሰው ወይም ጎረቤት ያለው አጥቢያ አይወስንልንም።

«መንግሥት ይወስንልናል» የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ ብዙዎቻችንን አሳርፎን ነበር። መንግሥት ራሱ ግን አንድ ቃል አልነበረውም። የሜሪላንድ ገዥ ላሪ ሆገን ከሜይ 15 ቀን 2020 ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናት በግማሽ አቅማቸው እንዲከፍቱ ፈቀዱ፤ ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ግን ለመቆየት መረጡ። በሳምንቱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቤተ አምልኮዎች ወዲያው እንዲከፈቱ ገዥዎችን አሳሰቡ። ዲሲ ጁን 22 ሁለተኛውን ምዕራፍ ስትጀምር 100 ሰው ወይም የአዳራሹን ግማሽ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ፈቀደች። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዲሲ የሚያስቀድስ፣ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ምእመን በአንድ ቀን በሦስት ሕግ ሥር ያልፍ ነበር።

ፍርድ ቤቱም ተገለበጠ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 29 ቀን 2020 ካሊፎርኒያ በቤተ አምልኮዎች ላይ ያወጣችውን ገደብ ለማገድ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈቃደኛ አልሆነም። ኖቬምበር 25 ግን የኒው ዮርክን ገደብ በዚያው 5 ለ4 አገደ። በመካከሉ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ አርፈው ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት ተተክተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር የመንግሥት እጅ በቤተ አምልኮ ላይ አጥሯል። ይህ ለእምነት ነጻነት ጥሩ ዜና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሸክሙን ወደ እኛ አዞረው። በሚቀጥለው ጊዜ ደጃችንን ዝጉ ብሎ የሚያስገድደን ላይኖር ይችላል። እንድንሰበሰብ ተፈቀደልን ማለት ሕግ አይቀጣንም ማለት ብቻ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እማማ በጤና ቤታቸው ስለመግባታቸው ፈቃዱ የሚናገረው የለም። «የአዳራሹ ግማሽ» የሚለው ቁጥርም ለእሳት አደጋ ከተሰላው አቅም የተወሰደ ነው፤ ሕዝቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተቀበለ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የሚቆምበትን ቅዳሴ አያውቅም።

በሽታው በእንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚያደርግ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በግልጽ ታይቷል። ማርች 10 ቀን 2020 በዋሽንግተን ግዛት በማውንት ቨርነን ከተማ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ለልምምድ ተሰበሰቡ። እጃቸውን በሳኒታይዘር አጽድተው ነበር፤ አልተቃቀፉም፣ አልተጨባበጡም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዘመሩ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ጉንፋን የመሰለ ስሜት ነበረው። ከ61ዱ 53ቱ ታመሙ፣ 2ቱ ሞቱ። በዚያው ወር በአርካንሶ ገጠር በአንዲት ቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብሮች ላይ ከተገኙ 92 ሰዎች 35ቱ በምርመራ ተይዘው ተገኙ፤ 3 ሞቱ። ከእነሱ ጋር የተያያዘው በሽታ ወደ አካባቢው ወጥቶ ሌሎች 26 ሰዎችን ያዘ፤ አንዱ ሞተ። ያ የሞተው ሰው በቤተ ክርስቲያኒቱ መርሐ ግብር ላይ አልተገኘም። እኛ ስንሰበሰብ የምንወስነው ለራሳችን ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም ከባድ ኀዘን ደርሶባቸዋል። የሞንቴኔግሮው ሜትሮፖሊታን አምፊሎሂየ ኦክቶበር 30 ቀን 2020 በኮቪድ ምክንያት አረፉ። በፖድጎሪትሳ በተደረገው ቀብር ብዙ ሕዝብ ተገኘ፤ ምእመናን ቀርበው አስከሬናቸውን ተሳለሙ። ጸሎቱን የመሩት የሰርቢያ ፓትርያርክ ኢሪኔይ በዚያው በሽታ ተይዘው ኖቬምበር 20 በ90 ዓመታቸው አረፉ። እኝህን አባት ማንም እምነት ጎደላቸው አይላቸውም። በሽታውም የማንንም እምነት አልመዘነም።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የእኛን ኑሮ እናስተያይ። ከመካከላችን ብዙዎች ታክሲና ኡበር ይነዳሉ፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በሆም ኬር፣ በሆስፒታል፣ በኤርፖርት፣ በፓርኪንግና በግሮሰሪ ይሠራሉ። ሌላው ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ሲሠራ እነዚህ ወገኖቻችን በየቀኑ ወጥተው ከሕዝብ ጋር ይውሉ ነበር። ማታ የሚገቡትም ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ወዳሉበት አፓርታማ ነው። እሑድ እነዚህ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። ይህ የአጥቢያችን ውበት ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ እንድንጠነቀቅ የሚያስገድደን ነገር እሱው ነው።

ሒሳቡንም ማንም በስልኩ ሊያሰላው ይችላል። በአካባቢያችን ከ200 ሰው አንዱ ሳያውቀው በሽታውን ይዞ ይዞራል እንበል። 25 ሰው ቢሰበሰብ ቢያንስ አንድ የታመመ ሰው በመካከላቸው የመኖሩ ዕድል 12 በመቶ ገደማ ነው። 50 ሲሆኑ 22 በመቶ ይሆናል። 200 ሲሆኑ 63 በመቶ፣ 300 ሲሆኑ 78 በመቶ ይደርሳል። ኮቪድ ደግሞ ሰውዬው ሕመም ሳይሰማው አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ «የታመመ አይምጣ» ማለት ያስፈልጋል፣ ግን አይበቃም። የመጀመሪያው መሣሪያችን የሰውን ቁጥር ማሳነስ ነው፤ ሁለተኛው አየር ነው።

ስለ አየር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተዘነጋው እሱ ነውና። በአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አላት። ብዙው ምእመን የሚያስቀድሰው በዛፍ ጥላ ሥር፣ በቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ነው። ጥምቀትና ደመራ በሜዳ ይከበራሉ። በስደት ያለነው ግን ከሌሎች የገዛናቸው ወይም የተከራየናቸው ሕንጻዎች ውስጥ ነን፤ ብዙዎቹ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ መስኮታቸው የማይከፈት፣ በክረምት በማሞቂያ የታፈኑ ናቸው። ካህኑ ሲያጥኑ ጭሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከመጋረጃው ፊት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከመብራቱ ሥር ይንሳፈፋል፣ ወደ ሴቶች ወገን ቀስ ብሎ ይሄዳል። በአንዳንድ አዳራሾች ወንጌል ተነቦ፣ ስብከት አልቆም እንኳ ያ ጭስ ከራሳችን በላይ እንደ ቀጭን ደመና ተንጠልጥሎ ይታያል። ጭሱ የቆየበት ቦታ የሰው ትንፋሽም ይቆያል። በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ጭሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠራ አየሩ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ምክር የአንድ ክፍል አየር በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲለወጥ ይላል። ሜርቭ 13 የሚባለውን ማጣሪያ የሕንጻው ማሽን ይችለው እንደሆነ ባለሙያ ጠርቶ መጠየቅ፣ የማይከፈቱትን መስኮቶች ማስከፈት፣ ተንቀሳቃሽ የአየር ማጣሪያ መግዛት ይቻላል። እነዚህ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ለአዲስ ምንጣፍና ለመጋረጃ ገንዘብ እንደምናዋጣ ሁሉ ለአየርም እናዋጣ።

የፓርኪንግ ሜዳውም ቅጽራችን ሊሆን ይችላል። ድንኳን ተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ፣ ልዑካኑ በቤተ መቅደስ ሕዝቡ በውጭ ሆኖ ማስቀደስ በአባቶቻችን ዘንድ የኖረ ልማድ ነው። ለጎረቤት ድምፅ፣ ለካውንቲው ፈቃድ፣ ለብርዱ አስቀድሞ መዘጋጀትን ብቻ ይጠይቃል።

አሁን «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ላሉት እናቶቼና አባቶቼ ልመልስ። ይህ ቃል ያሳደገኝ ቃል ነው፤ አልንቀውም። ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን አብረን እንመልከት። የቆዳ ደዌ የተጠረጠረበት ሰው የሚመጣው ወደ ካህኑ ነው። ካህኑ ያየዋል፣ ካጠራጠረው ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፣ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያየዋል፣ አሁንም ካልጠራ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ሲነጻም ወደ ጉባኤው የሚመልሰው እሱው ነው። መለየትና መመለስ፣ ቀን መቁጠርና ምልክት ማየት የካህን አገልግሎት ነበር። ጌታችንም ለምጻሙን ከፈወሰው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዝዞታል። ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል ደግሞ እሺ አላለም። አስልተን፣ ጠብቀን፣ አይተን ስንከፍት ያው የክህነት ጥበብ በእኛ ዘመን እየሠራ ነው።

በዚችው በዋሽንግተን ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ የከተማዋ አስተዳደር በኦክቶበር ወር አብያተ ክርስቲያናትን ዘጋ፤ ብዙ ሰባኪዎች ቅር ተሰኙ። የፊፍቲንዝ ስትሪት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩት ፍራንሲስ ግሪምኬ ኖቬምበር 3 በተመለሱበት እሑድ የተለየ ነገር ሰበኩ። በባርነት የተወለዱ፣ ለጥቁሮች መብት ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱ ሰው ነበሩና ለመንግሥት የሚያጎበድዱ አልነበሩም። ሆኖም መሰብሰብ ለሕይወት አደጋ ከሆነ ቲያትሩም ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም መዘጋቱ ተገቢ ነው፤ እግዚአብሔር ያድነኛል ብሎ ያለ ምክንያት ራስን ለአደጋ ማቅረብ ትክክል አይደለም ሲሉ አስተማሩ። ያው በሽታ በዚያው ወር አዲስ አበባን አጥቅቶ ነበር። የኅዳር በሽታ የምንለው ነው፤ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው በዚያ መታሰቢያነት ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የሃይማኖት አባቶች ከመጋቢት 28 ጀምሮ ሕዝቡ በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚከታተለውን የአንድ ወር ጸሎት አብረው መርተዋል።

በሌላ በኩል መዘጋቱ የሚያደርሰውን ጉዳት አቅልለው የሚያዩትን ወገኖቼንም እለምናለሁ። ደጁ በተዘጋበት የጸደይ ወቅት ወደ አንድ አጥቢያ ዕቃ ላደርስ ሄጄ አንዲት እናት አየሁ። የልጃቸው መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ከኋላ ቆሟል። እሳቸው ጫማቸውን አስፋልቱ ላይ አውልቀው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ የተቆለፈውን የመስታወት በር በግንባራቸው ነክተው ይጸልያሉ። ሲጨርሱ ግንባራቸው የነካውን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሌላ ሰው እንዳይታመም መሆኑ ነው። ልጃቸው እንደነገረኝ ከዚያ እሑድ በፊት ለሳምንታት ከክፍላቸው አልወጡም፣ ምግብም ቀንሰዋል። ቋንቋውን በማያውቁት አገር ለሚኖሩ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤታቸውም፣ ወዳጆቻቸውም፣ ስማቸው በትክክል የሚጠራበት ብቸኛው ቦታም ነው። ፍትሐት ላይ አምስት ሰው ብቻ ቆሞ የተቀበሩ ወገኖች አሉን። የልቅሶ ቤት ያልተቀመጠላቸው፣ እስካሁን ኀዘናቸው ያልወጣላቸው ቤተሰቦችም አሉን። ስለዚህ መዝጋት ያለ ዋጋ የሚገኝ ደኅንነት አይደለምና አንድም ቀን ከሚያስፈልገው በላይ ሊረዝም አይገባም።

መፍትሔው ያለው «ይከፈት» እና «ይዘጋ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ስንወጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ዘመንም አልተዘጋችም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ቆመው ይቀድሱ ነበር። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን በታች አይቀደስም፣ ከአምስት በላይ ሰው ግን የግድ አይፈልግም። ጥያቄው ከዚያ መሠረት ላይ ምን እንጨምር የሚል ነው። ደንቡ ይህን ቅደም ተከተል ያስቀምጥ። እኔ ብጠየቅ ክርስትናና ፍትሐት ይቀድማሉ እላለሁ፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፣ ሟችም ቀጠሮ አይሰጥም። በቅርብ ቤተሰብ ብቻ፣ ከተቻለ በውጭ ወይም በሮች ተከፍተው ይፈጸሙ። ቀጥሎ በሜዳ ማስቀደስ ይመጣል። ቀጥሎ በውስጥ በተራ፤ ምእመኑ በየሳምንቱ ተከፋፍሎ፣ ስም እየተመዘገበ። በፍልሰታ ጾም ሕፃናትን ማቁረብ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ከ15ቱ ቀናት መካከል ቀን እየተደለደለ መጨናነቁን ማስቀረት ይቻላል። ማኅሌትን በጥቂት ሊቃውንት ብቻ መወሰን ይቻላል፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ሳይጓደል።

ስለ ቅዱስ ቁርባኑ አፈጻጸም የሚናገሩት አባቶች ናቸው፤ እኔ ምእመን ነኝና በዚያ ላይ ቃል የለኝም። ሰልፉ ግን የእኛ ነው። ርቀት ጠብቆ መቆም፣ ጭንብልን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አለማውለቅ፣ መስቀሉን በአፍ ከመሳለም ይልቅ ራስን ዝቅ አድርጎ ቡራኬ መቀበል፣ በር ላይ ጫማ ለማውለቅና ለመፈለግ አለመጨናነቅ፣ እነዚህ በእጃችን ናቸው።

ከሁሉም መጨረሻ መከፈት ያለበት ከምድር ቤት ያለው የምግብ አዳራሽ ነው። ይህን ስል ብዙዎች እንደሚከፋቸው አውቃለሁ። ሰንበቴው፣ ጸበል ጸዲቁ፣ ሻይና ዳቦው የሳምንቱ ደስታችን ነው። ነገር ግን በቤተ መቅደስ ሁለት ሰዓት የተጠነቀቀ ሰው እዚያ ወርዶ ጭንብሉን ያወልቃል፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል፣ ጫጫታውን ለማለፍ ድምፁን ያነሣል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮትም የለውም። ላይ ያተረፍነውን ታች እናጠፋዋለን። ምግቡ በሳጥን ተደርጎ ለየቤቱ ይሂድ፤ ለአቅመ ደካሞችም ይድረስ።

መለኪያውስ? በኤፕሪል 2020 የወጣው የፌዴራል መንግሥት መመሪያ 14 ቀን ተከታታይ መቀነስን ይጠይቅ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከተመረመረው መካከል የሚያዘው ቢያንስ ለ14 ቀን ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መከረ። 14 ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ የኮቪድ ምልክት ከተያዙ በኋላ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚታይ ነው። ስለዚህ አንድ እርከን ከከፈትን በኋላ ቀጣዩን ለመክፈት ቢያንስ ያን ያህል መጠበቅ አለብን፤ በዚህ እሑድ ያደረግነው ስሕተት የሚታየን ከሁለት እሑድ በኋላ ነውና። የሚመጣው በሽታ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ኢንፍሉዌንዛ ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ራሱን ይገልጣል። የኩፍኝ ተሐዋሲ ደግሞ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። በደንባችን ውስጥ የቀኑ ቁጥር ባዶ ቦታ ይተውለት፤ የአጥቢያው የጤና ኮሚቴ ለበሽታው የሚስማማውን ይሙላበት። ኮሚቴው ምእመኑ የሚኖርባቸውን ካውንቲዎች ሁሉ ቁጥር ይመልከት፤ ሕንጻው ያለበትን ብቻ ማየት ያሳስታል።

ኮሚቴው ውስጥ አስተዳዳሪውና የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እንዳሉ ሆነው፣ ሐኪምና ነርስ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ወጣት፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አንዲት እኅት፣ ከእናቶች አንዲት ይግቡበት። ድምፅ አሰጣጡ እኩል ባይሆን እመርጣለሁ። ለመዝጋት የጤና ባለሙያዎቹ ቃል ብቻውን ይብቃ፤ ለመክፈት ግን የሁሉም ስምምነት ይጠየቅ። ሐኪም ጋብዞ፣ አዳምጦና አጨብጭቦ ከዚያ በኋላ የወደዱትን መወሰን በ2012 ዓ.ም. በብዙ ቦታ የታየ ነገር ነው። ያ ዳግም አይሁን።

ገንዘቡንም በግልጥ እንነጋገርበት። ብዙ አጥቢያዎች የሕንጻ ዕዳ አለባቸው፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቆም የባንክ ክፍያው አልቆመም። «ምእመኑ ናፈቀ» ከሚለው ምክንያት ጀርባ «የወሩን ክፍያ ከየት እናምጣ» የሚል ጭንቀት ነበር፤ የሚያስወቅስም አልነበረም። ግን የባንክ ቀን የቅዳሴን ቀን ሊወስን አይገባም። የስድስት ወር ክፍያ የሚሸፍን መጠባበቂያ ከዛሬ ጀምረን እናጠራቅም። በ2020 ለደመወዝ የተሰጠው የፌዴራል ብድር አብያተ ክርስቲያናትንም ይጨምር ነበር፤ ቶሎ ያመለከቱ ተጠቅመውበታል፣ ማመልከቻ የሚሞላ ሰው ያላዘጋጁ ቀርቶባቸዋል።

የቀረው በእያንዳንዳችን ላይ ነው። በማኅበረሰባችን ሕመምን መደበቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ብለን፣ ሥራዬን አጣለሁ ብለን፣ ቤተሰቤ ይገለላል ብለን። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ዝምታ ሰው ይገድላል። ታምሜያለሁ ብሎ በዕለቱ ለአጥቢያው የሚደውል ሰው ለወንድሙ የሚከፍለውን ትልቁን ዕዳ ከፈለ። አጥቢያው ደግሞ ስሙን ሳያነሣ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ያስቀደሳችሁ ተመርመሩ» ብሎ ያሳውቅ፤ ምግብ በደጁ ያድርስለት፤ ሲድን በደስታ ይቀበለው። ስም የሚያወጣ፣ የሚጠቋቆም ሰው ቢኖር አባቶች ይገሥጹት። ደጁ ሲከፈትም በዕድሜና በሕመም ምክንያት መምጣት የማይችሉ ይኖራሉ። የቀጥታ ሥርጭቱ ለእነሱ ይቀጥል፣ ነፍስ አባታቸው ይደውሉላቸው፣ ወጣቶቹ ስልካቸውን ያስተካክሉላቸው።

ይህን የምታነብቡ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የሕንጻ አየር ማሽን የምትሠሩ ወንድሞች፣ በሚመጣው እሑድ ስማችሁንና ሙያችሁን ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስጡ። ጸሐፊዎች ጉዳዩን በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ አስይዙ። ረቂቁ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፍ፣ ነገ የሚያስፈጽሙት ልጆቻችን ናቸውና። ከጸደቀ በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። በየዓመቱም ኅዳር ሚካኤልን ስናከብር ስልክ ቁጥሮቹ መሥራታቸው፣ የኮሚቴው አባላት መኖራቸው፣ የአየር ማጣሪያው መለወጡ ይታይ።